ለአቶ ኑማዛዋ መኪና ሞላ ስንመርጥ

ምክር የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ትሑት ነው የሚል ካለ፣ አቶ ኑማዛዋን አያውቃቸውም ማለት ነው። በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ጃንጥላ ሊገዛ ጎረቤቱን ሁሉ ያማክራል፤ የተመከረውን በጥሞና ይሰማል፤ አንገቱን ይነቀንቃል፤ እስኪወስን ዝናቡ ያባራል። እናንተም ሰፈር ይኖራል። የለም ካላችሁ ምናልባት እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

እኛ፣ በሰሜን ጃፓን በረዷማ ከተማ በኢዋሚዛዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለነው ሰዎች፣ የደረሰን ድርሻ ክቡር አቶ ቶኩጂ ኑማዛዋ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በከተማው ውኃ አገልግሎት ውኃው በረዶ የሆነበትን ቧንቧ ሲያቀልጡ ኖረው በክብር ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ደግሞ የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሺራታ እባላለሁ። ይቺን ዓምድ የምጽፈው ደንበኛ ሲጠፋ ነው። ጸጉር አስተካካይ ደግሞ ለአማካሪ ፈላጊ ሰው የተመቸ ነው፤ መቀስ ይዞ ወዴት ይሸሻል?

የአቶ ኑማዛዋ ጥያቄ ከየትም ቢነሣ ማለቂያው አንድ ነው። "አንተ ብትሆንስ?" ይላሉ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያዩ። መልስ ስሰጣቸው "ልክ ነህ!" ይሉኛል፤ ከልባቸው ነው፣ ፊታቸው ሁሉ ይበራል። እኔም ሰው ሆኜ ደስ ይለኛል። ከዚያ አየር ወደ ውስጥ ይስቡና "ግን..." ይላሉ። ከዚያች "ግን" በኋላ የሚመጣውን እስከ ዳር የሰማ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የሩዝ መቀቀያው ነገር ለምሳሌ። የቤታቸው መቀቀያ ተበላሸ፤ እሳቸው አዲስ ሊገዙ ምክክር ጀመሩ። ፖስተኛውን ጠየቁ፤ የጥርስ ሐኪማቸውን አፋቸው እንደተከፈተ ጠየቁ፤ መደብር ገብተው ሻጩን ትተው ሌሎች ገዢዎችን ጠየቁ። እሳቸው ሲጠይቁ ሞዴሉ ተቀየረ፤ ሻጩም ሌላ ከተማ ተዛወረ። ባለቤታቸው እትዬ ሚትሱዮ ይሄን ሁሉ ጊዜ በድስት ሲቀቅሉ ከርመው፣ አንድ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው ገዝተው መጡ። አቶ ኑማዛዋ ዕቃውን ዞር ዞር ብለው አዩትና "ጥሩ ነው፤ ግን ማንን ጠየቅሽ?" አሏቸው አሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ መኪና ገዛ ብላችሁ ታምናላችሁ? ጡረታ የወጡ ዕለት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ ግቢ ውስጥ አዩዋት። ሰማያዊ፣ ባለ ቱርቦ፣ ኋላዋ ላይ ክንፍ የተሰካባት። ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንዲህ ያለችውን ሲመኙ ነው የኖሩት። ያን ዕለት ፊታቸው አመድ መስሎ ሱቄ ገቡና "ሺራታ፣ አንድ ነገር አድርጌያለሁ" አሉኝ። ሰው ገድለው የመጡ መስሎኝ ክው አልኩ። በሩን ዘግቼ ወንበር ሰጠኋቸው።

"መኪና ገዛሁ።"

"እሰይ ጋሼ! ታዲያ ምን ያስደነግጣል?"

"ማንንም አልጠየቅኩም እኮ!"

የዚያን ዕለት ያልጠየቁትን ሁሉ ከዚያ በኋላ አወራረዱት። የመኪናዋ ሞላና አሞርዛተር አርጅቶ ነበርና አዲስ መግጠም ነበረባቸው። አጠር ያለ ጠንካራ ሞላ ብታስገቡ መኪና መሬት ትልሳለች፤ ኩርባ ላይ አትንገዳገድም፤ ፎቶ ላይ ታምራለች። ረዘም ያለ ለስላሳ ብታስገቡ በረዶ ላይ ትራመዳለች፣ ወገብ አታሳምምም፣ ፎቶ ላይ ግን ቡት ጫማ ትመስላለች። ሦስተኛም አለ። ጥርስ ባለው ቀለበት እየተጠመዘዘ እንደፈለጉ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ነው። ይሄ እንግዲህ መምረጥ ለማይችል ሰው ታስቦ የተሠራ ነው፤ አቶ ኑማዛዋ ያንን ገዙ።

ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር ጋሽ ኢናጋኪ "ዝቅ ነው! ዝቅ!" አሏቸው። ጋሽ ኢናጋኪ ስለ መኪና ያላቸው እምነት አጭር ነው፤ "መሬት ያልነካች መኪና አውሮፕላን ናት" ይላሉ። በበጋው ሐይቁ ዳር የስፖርት መኪና ወዳጆች ይሰበሰባሉ። ለዚያ ሲባል መኪናዋ እስከ መጨረሻው ዝቅ ተደረገች። ዕቅዱ በረዶ ሳይጥል ከፍ ማድረግ ነበር። ጥያቄው ግን ስንት ጣት ከፍ ትበል የሚለው ሆነ። ሁለት ጣት? ሦስት? የማን ጣት? አቶ ኑማዛዋ የሰፈሩን ሰው ጣት እያስለኩ ሲዞሩ ኅዳር ገባ። ኅዳር ሲገባ በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገዳችን ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ደግሞ ምክክር አይጠብቅም። ወይዘሮ ኦኩዴራ ጋራዥ ሲደርሱ ቀለበቱ ዝጎ ድርቅ ብሏል፤ በቁልፍም፣ በመዶሻም፣ በስድብም ቢሞከር ንቅንቅ አላለም።

"ጋሼ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ?" አለች ኦኩዴራ። ጋራዡን ከአባቷ ወርሳ ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ምላሷ እንደ እጇ ፈጣን የሆነች ሴት ናት።

"ስንት ጣት እንደሆነ አልተስማማንማ።"

"ከማን ጋር ነው የሚስማሙት? መኪናዋ የርስዎ!"

"ልክ ነሽ፤ ግን..."

እንዲህ ሆና ነው መኪናዋ ሆዷ መሬት እንደነካ በረዶ ውስጥ የገባችው። የኛን ከተማ በረዶ የሚያውቅ ያውቀዋል። በረዶ ጠራጊው መኪና ገና ሳይነጋ መንገዱን ይጠርግና የጠረገውን በየሰዉ ደጃፍ እንደ ግንብ ከምሮ ይሄዳል። ሌላው ሰው ረግጦት ያልፋል። የአቶ ኑማዛዋ መኪና ግን ትወጣበትና ሆዷን አስተኝታ ቁጭ ትላለች፤ አራቱም ጎማዋ በባዶ ይሽከረከራል። እኛ ይሄን "ኤሊ ሆነች" እንለዋለን። ኤሊ የሆነ መኪና ያየ ጎረቤት ደግሞ ሳይጠሩት አካፋውን ይዞ ይወጣል። ወግ ነው። የተቆፈረለት ሰው በማግስቱ ጣፋጭ በሳጥን አስጠቅልሎ ቤት ለቤት እየዞረ ያመሰግናል። ይሄም ወግ ነው።

አቶ ኑማዛዋ ወግ አክባሪ ናቸው። ጣፋጭ ቤት ሲገቡ ሻጯ ገና ከበር ላይ "ዛሬስ ለስንት ቤት ልጠቅልል ጋሼ?" ማለት ጀመረች። ሰፈራችን በዚያ ዓመት በቀይ ባቄላ ኬክ ወፈረ። የጋሽ ኢናጋኪ ሱሪ መቆለፍ አቃተው። ሐኪማቸው ስኳራቸውን ለክቶ "ይሄን ሁሉ ከየት እያመጡ ነው?" ቢላቸው "ከጎረቤት ሞላ" ብለው መለሱለት።

ደግሞ እኮ ዝም ብለው አያስቆፍሩም። እኛ ጀርባችን እስኪንቀጠቀጥ በረዶ ስንዝቅ አጠገባችን ቆመው "ሺራታ፣ አንተ ብትሆን ከፊት ጎማ ነው ከኋላ የምትጀምረው?" ይሉኛል።

"ከፊት ነው ጋሼ፣ እየጀመርኩ እኮ ነው!"

"ልክ ነህ፤ ግን..."

አንዴ አካፋዬን አስጨብጬያቸው ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሳቅ ነው። ሳቁ ያልደረሳቸው ሰው እትዬ ሚትሱዮ ናቸው። ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ብዙ ዓመቱ ነው። የካቲት ላይ፣ የወንዙ ድልድይ አጠገብ ያለው መንገድ ቀን ቀልጦ ማታ እየረጋ ኮሮኮንች ሲሆን፣ በዚያች ዝቅ ባለች መኪና ወደ ሐኪም እየሄዱ ነበር። እያንዳንዱ ጉድጓድ አከርካሪያቸው ላይ ደረሰ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ "አቁም" አሉ፣ ወረዱ፣ በሩን ዘጉ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው የተናገሩትን አቶ ኑማዛዋ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

"ከእኔና ከመኪናዋ ምረጥ አልልህም። መምረጥ አትችልም፤ ሁለታችንም በር ላይ ቆመን እናረጃለን። ብቻ እኔ ከእንግዲህ እዚህ ውስጥ አልገባም።"

ከዚያ በበረዶው ላይ ቀስ እያሉ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። አቶ ኑማዛዋ ከኋላቸው በመኪና እየተከተሉ መስኮት ከፍተው ለመኗቸው። እትዬ ሚትሱዮ ዞረውም አላዩዋቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቶቡስ ሆነ ጉዟቸው። በጋ መጣ፣ ሄደ፤ የዛገው ቀለበት እንደዛገ፣ የአቶ ኑማዛዋ ምክክርም እንደቀጠለ ሌላ በረዶ ጣለ። በዚህ መሐል እትዬ ሚትሱዮ ጥር ላይ ትልቁ ከተማ ሳፖሮ ሆስፒታል ገብተው ወገባቸውን ኦፕራሲዮን እንዲሆኑ ተወሰነ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። የሚወጡበት ቀን ሲነገራቸው እትዬ ሚትሱዮ ለባላቸው "በታክሲ እመጣለሁ" ብለው ቁርጡን አሳወቋቸው። አቶ ኑማዛዋ ያን ዕለት ሱቄ መጥተው ጸጉር ሳይቆረጡ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

"ሚስቴን ታክሲ ያምጣልኝና እኔ በር ላይ ቆሜ ልቀበላት? እንግዳ ናት እንዴ?" አሉኝ። "ልክ የሆነ ሞላ አስገጥሜ እወስድላታለሁ። ያኔም አልገባም ካለች መኪናዋን እሸጣታለሁ። ጨርሻለሁ።"

"ጨርሻለሁ" የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በሉኝ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ በማግስቱ ምክክሩ ከድሮው ብሶ ተጀመረ። ሚስታቸውን ሊጠይቁ ሳፖሮ ሄደው ቀዶ ጥገና ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዙት። "ዶክተር፣ እርስዎ ቢሆኑ ጠንካራ ነው ለስላሳ የሚያስገቡት?" ሐኪሙ ለካ እሱም ዝቅ ያለች መኪና አለችው። ሁለቱ ግድግዳ ተደግፈው ስለ ሞላ ሲያወሩ ሕመምተኛው ሁሉ ጠበቀ፤ ነርሷ መጥታ በክንዱ ጎትታ እስክትወስደው ድረስ። ሐኪሙ እየተጎተተ "መካከለኛ! መካከለኛ!" ብሎ ጮኸላቸው። አቶ ኑማዛዋ "ልክ ነው፤ ግን እሱ የሚኖረው ሳፖሮ ነው" ብለው ተዉት።

ኦኩዴራ ትዕግሥቷ አለቀ። "ጋሼ፣ ሦስቱንም ዓይነት አምጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። መርጠው ይምጡ። ሳይመርጡ ከመጡ ሻይ እንኳ አላፈላም" አለቻቸው።

ከዚያ ነው እኔ ጋ የመጡት። ጢማቸውን እየላጨሁ ነው፤ አረፋ ውስጥ ሆነው ጋሽ ኢናጋኪ ያሉትን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ የጣፋጭ ቤቷ ሴት ያለችውን ሁሉ ዘረዘሩልኝና እንደተለመደው "አንተ ብትሆንስ?" አሉ።

ቸኩዬ ነበር። ሌላ ደንበኛ እየጠበቀ ነው። "ጋሼ፣ እኔ ስለ ሞላ ምን አውቃለሁ? አጠገብዎ የሚቀመጠው ማን ነው?"

"ሚትሱዮ ናታ።"

"እንግዲያ እሳቸውን የማያምመውን ያስገቡ። ለስላሳውን፣ ከፍ ያለውን።"

ምላጩን አንገታቸው ላይ እንደያዝኩ "ልክ ነህ፤ ግን"ን ጠበቅኩ። እሳቸው በመስተዋቱ ውስጥ ራሳቸውን ብዙ አዩ።

"ልክ ነህ" አሉ።

ጠበቅኩ። አሁንም ጠበቅኩ። "ግን" አልመጣም! አቶ ኑማዛዋ ፎጣውን ከአንገታቸው ገፈፉ፣ ግማሽ ጉንጫቸው አረፋ እንደሆነ አመስግነውኝ ወጡ። ደንበኛዬና እኔ ተያየን።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ኦኩዴራ ናት።

"ሺራታ፣ ጋሼ ኑማዛዋን አመማቸው እንዴ?"

"ምነው?"

"መርጠው መጡ! 'ለስላሳውን፣ ከፍ ያለውን' ብለው ቁልፉን አስጨበጡኝ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላቸው 'ሺራታ ነው ያለኝ' አሉ። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሞላ ያወቅከው?"

ዕድሜ ልካቸውን የማንንም ምክር ወስደው የማያውቁ ሰው የኔን ወሰዱ! ለዚያውም የምላጭ ላይ ወሬዬን! እትዬ ሚትሱዮ ባይገቡ፣ ወይም ገብተው ቢያማቸው፣ ያቺ ሰማያዊ መኪና ትሸጣለች፤ አቶ ኑማዛዋም በቀረው ዘመናቸው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ይቆማሉ፤ ያም ሁሉ በኔ ጦስ ይሆናል ማለት ነው። እስቲ ማን ጠየቀኝ? አዎ፣ ጠይቀውኛል። ግን የሚሰሙኝ መስሎኝ ነው እንዴ?

ሮጬ ጋሽ ኢናጋኪ ጋ ሄድኩ። በረዶ እየጠረጉ ነበር።

"ለስላሳ?" አሉኝ አካፋቸውን ተደግፈው። "ለስላሳማ ትዋኛለች! ኮሮኮንቹ ላይ አንዴ መዝለል ከጀመረች ማን ያቆማታል? ያ የተሰፋ ወገብ ምን ሊሆን ነው?"

"ታዲያ ጠንካራ ይሻል ነበር?"

"ጠንካራማ ይሰብራታል።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"እኔ እንጃ። የመከርከው አንተ!"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ወንበሬ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ እጠይቅ ጀመር። የታክሲ ሹፌር፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ ስለ መኪና ቀርቶ ስለ ብስክሌት የማያውቅ የሙዚቃ መምህር። ፖስተኛው "ለስላሳው ጥሩ ነው፤ ለወገብ እኮ ነው" ሲለኝ ደስታዬ ወሰን አጣና "ልክ ነህ!" አልኩት፤ ከዚያ አየር ወደ ውስጥ ስቤ "ግን..." አልኩ። ጸጉር የምትጠርገው ባለቤቴ መጥረጊያዋን አቁማ አየችኝ።

"ምን አልክ አንተ?"

"ምንም አላልኩም።"

"እዚህ ቤት አንድ ኑማዛዋ ይበቃናል" አለችኝ፣ ወደ መጥረጊያዋ ተመልሳ።

ቀኑ ደረሰ። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ ጠዋት ቀጥ አለ። ሱቄን ልከፍት ስል ሰማያዊዋ መኪና ደጄ ቆመች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አላወቅኋትም። እግር አውጥታለች! ክንፏ ብቻ ሲቀር ሌላ ነገሯ ሁሉ የገበሬ መኪና መስሏል። አቶ ኑማዛዋ ካፖርት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"ግባ።"

"ወዴት ጋሼ?"

"ሳፖሮ። ምክሩ ያንተ ነው፤ ከኋላ ትቀመጣለህ።"

የስፖርት መኪና የኋላ ወንበር ለሰው የተሠራ አይደለም። ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተጣጠፍኩ። እስከ ሳፖሮ ድረስ አቶ ኑማዛዋ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። በየትኛው መንገድ እንሂድ አላሉም። ማሞቂያው ይጨመር ይቀነስ አላሉም። ዝምታቸው ከኮሮኮንቹ ይልቅ አስፈራኝ፤ እኔው "ጋሼ፣ በዚህ በኩል ነው እንዴ?" ብል ከመንገዱ ዓይናቸውን ሳያነሡ "በዚህ ነው" አሉ።

ሆስፒታሉ በር ላይ እትዬ ሚትሱዮ የወገብ መደገፊያ ታጥቀው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው ታክሲ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ባላቸው ከመኪናዋ ሲወርዱ አዩ፤ መኪናዋን አዩ፤ ከኋላ ወንበር ላይ የታጠፍኩትን እኔን አዩ።

"ምን አስረዘማት?"

"ሞላ አስገጠምኩ። ለስላሳ ነው። ከፍ ያለ።"

"ማን መከረህ?"

"ሺራታ።"

"ጸጉር አስተካካዩ?!" እትዬ ሚትሱዮ በመስኮት ጎንበስ ብለው ተመለከቱኝ። በሰላምታ አንገቴን ልሰብር ብል ጉልበቴ ከለከለኝ። ቀና ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። "እሺ። ሺራታ ይሄን አለ። ኢናጋኪ ያን ብሏል። ዶክተሩ እንኳን አልጋዬ ድረስ መጥቶ ስለ ሞላ አውርቶኛል። አንተስ? አንተ ራስህ ምን ትላለህ?"

አቶ ኑማዛዋ ለእርዳታ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ጣራውን ማየት ጀመርኩ። ታክሲ ነጂው እንኳ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ።

"እኔማ..." አሉ በመጨረሻ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እየጠመዘዙ። "እኔማ አጠገቤ እንድትቀመጪ ነው የምፈልገው። መኪናዋን የገዛሁት ብቻዬን ልነዳት አልነበረም። ያንቺ ወንበር ባዶ ሆኖ ስነዳት ዓመቱን ሙሉ ምንም አልጣመኝም። ይኸው ነው።"

እትዬ ሚትሱዮ ቦርሳቸውን ለባላቸው ሰጥተው ወደ ታክሲ ነጂው ዞሩ።

"ልጄ፣ ከኋላችን ተከተለን። ካመመኝ ድልድዩ ጋ እቀይራለሁ።"

"ባዶዬን ልከተል?" አለ ነጂው።

"ባዶህን። ሒሳቡን እሱ ይከፍላል።"

እንዲህ ሆነን ተነሣን። ፊት እኛ፣ ኋላ ባዶ ታክሲ። አቶ ኑማዛዋ መሪውን በሁለት እጃቸው እንቁላል እንደያዘ ሰው ይዘዋል። እትዬ ሚትሱዮ ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ጨብጠዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ የእትዬ ሚትሱዮን ማጅራት ብቻ ነበር የማየው፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ ስትመጣ እኔ ነበርኩ "እ!" የምለው።

ኢዋሚዛዋ ስንቃረብ ያ መንገድ ጀመረ። ቀልጦ ረግቶ፣ ረግቶ ቀልጦ እንደ ድንጋይ የደረቀ ኮሮኮንች፣ እስከ ድልድዩ ድረስ። የአቶ ኑማዛዋ ጆሮ ቀላ። እኔ መሐል ላይ ጋሽ ኢናጋኪ "ትዋኛለች" ያሉት ትዝ ብሎኝ ዓይኔ ፈጠጠ። መኪናዋ ዝቅ አለች፤ ቀስ ብላ ከፍ አለች፤ ደግሞ ዝቅ አለች። አልዘለለችም። አልደበደበችንም። ያቺ ፎቶ ላይ የማታምር መኪና ጉድጓዱን ሁሉ እግሯ ሥር እያስቀረች አለፈች። ድልድዩን ተሻገርን።

አቶ ኑማዛዋ "እንዴት ነበር?" እንዲሉ በልቤ ለመንኳቸው። አላሉም። ፈሩ መሰለኝ።

"አቁም" አሉ እትዬ ሚትሱዮ።

አቶ ኑማዛዋ ዳር ይዘው አቆሙ። ታክሲው ከኋላችን ቆመና በሩን ከፈተ።

"አመመሽ?" አሉ አቶ ኑማዛዋ።

"መልሰኝ።"

"ሆስፒታል?"

"ኧረ ምን ሆስፒታል! ድልድዩ ጋ ነው እንጂ።" እትዬ ሚትሱዮ እጀታውን ለቀቁ፤ ጣታቸው ነጭ ሆኖ ነበር። "ያመኛል ብዬ ፈርቼ ከወንዙ ማዶ ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት። ሰው ይሄን ሁሉ ቀን የሆስፒታል ጣራ ሲያይ ከርሞ ወንዙን እንኳ ሳያይ ይለፍ? መልሰኝ፣ አሁን ከፍቼ አየዋለሁ።"

አቶ ኑማዛዋ ለማንም ምንም አላሉም። ፍሬቻ አብርተው ዞሩ። ታክሲውም በሩን ዘግቶ ዞረ። ያን ኮሮኮንች እንደገና ገባንበት፤ ዛፎቹ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆነው ወንዙ ላይ ጎንበስ ብለዋል። እትዬ ሚትሱዮ በጣታቸው መስኮቱን እየነኩ "እዚያ ጋ እይ፤ ውኃው ከበረዶው ሥር እየፈሰሰ ነው" ይላሉ፤ አቶ ኑማዛዋ መንገዱን ረስተው ያያሉ፤ እትዬ ሚትሱዮ ደግሞ "ወደፊት እይ አንተ ሰውዬ!" ይላሉ። ማዶ ደረስን። ወደ ቤት ለመሄድ ደግሞ መልሰን መሻገር ነበረብን፤ ተሻገርን። በመጨረሻ "አንዴ ብቻ" ተባለና እንደገና ዞርን። ታክሲ ነጂው መስኮቱን ከፍቶ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ማንም አልሰማውም።

እግሬ ደንዝዟል፤ ሱቄ ተዘግቶ ውሏል፤ አገጬ ጉልበቴ ላይ እንዳረፈ ነው። እንመለስ ወይስ እንቆይ ብሎ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ቤንዚኑ እስኪያልቅ እንመላለስ ባልኩ ነበር።